መኪናዋ የጠላቻቸው አማት

"መኪናዬ አማቴን ጠልታለች" አለች አስተማሪዋ፣ ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ።

ቮልቴጅ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቀና ብላ አየቻት። አስተማሪዋ በአንድ እጇ የመኪና ቁልፍ፣ በሌላው ደግሞ የተማሪ ደብተር ይዛለች። ሰው መኪና ሊያሠራ ሲመጣ ብሶት ይዞ ይመጣል እንጂ ደብተር ይዞ አይመጣም።

ቮልቴጅ የሚለውን ስም ያወጡላት የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። እናቷ ያወጡላትን ስም ከአጎቷ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሱም ትዝ የሚለው ሲናደድ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የልብስ ማጠቢያና የውሃ ፓምፕ ሞተር ስትጠቀልል ኖራለች። በኤሌትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች መንገዱ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ሌሎቹ መካኒኮች "ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው" ብለው ሲስቁ፣ እሷ ግን "ይሄማ ጎማ የተገጠመለት ልብስ ማጠቢያ ነው" ብላ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻቸው። አጎቷ ጎሚስታ ነው። ግቢውን ለሁለት ተካፍለው በግራ በኩል እሱ ጎማ ይለጥፋል፣ በቀኝ በኩል እሷ ሽቦ ትፈትሻለች።

"ጠልታለች ስትዪ?"

"አማቴ ሲገቡ ትንቀጠቀጣለች። እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እሳቸው ወርደው በሩን ሲዘጉ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች።"

ጎሚስታው ከጎማው ክምር ጀርባ አንገቱን አሰገገ። "አማትሽ ስንት ኪሎ ናቸው?"

"አጎቴ!"

"ምነው? ስለ ጎማው ብዬ ነው!"

አስተማሪዋ ደብተሩን ከፈተች። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው የምታስተምረው፤ ሐሜትን እንኳ ያለ ማስረጃ አትቀበልም። በማስመሪያ ሠንጠረዥ አስምራለች። ባለፉት ሁለት ወራት መኪናዋ ሃምሳ አራት ጊዜ ወጥታለች። "አማቴ የሉም" በሚለው ዓምድ ሥር አርባ ሦስት ጉዞ፣ አንድም ችግር የለም። "አማቴ አሉ" በሚለው ሥር አሥራ አንድ ጉዞ፣ አሥራ አንዱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት።

"አጋጣሚ ነው እንዳልል" አለች አስተማሪዋ፣ "ሒሳቡ አይፈቅድልኝም። እግረ ደረቅ ናቸው እንዳልል ደግሞ ትምህርቴ አይፈቅድልኝም።"

ሦስት ጋራዥ ዞራለች። የመጀመሪያው "ሞተሩ አብቅቶለታል፣ አስቀይሪው" አላት። ሁለተኛው ሞተሩ ላይ ያለውን ሴንሰር አውጥቶ አዲስ ገጠመላት፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ሌላ ቦታ እንዲህ ሲደረግ ሰምቶ ነው እንጂ ለክቶ አይደለም። ሦስተኛው ሁሉንም ታሪክ በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ "አማትሽን ቀይሪ" አላት።

እሱ ቀልዶ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። አማትየዋ በበኩላቸው ምራታቸው መሪው ሥር ድብቅ ማጥፊያ አስገጥማለች ብለው አምነዋል። "እኔ ስገባ ትጫነዋለች፣ ስወርድ ትለቀዋለች፤ እንድሰለችና እንድቀር ነው።" ባልየው በእናቱና በሚስቱ መካከል ሆኖ "ሁለታችሁም እውነት አላችሁ" ከማለት ሌላ ያደረገው ነገር የለም። በአሥራ አንደኛው ጉዞ መኪናዋ አደባባይ መሃል ላይ ስትቆም፣ ከኋላ ጥሩምባው ሲንጫጫ፣ አማትየዋ ወርደው በቀጥታ ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ሄዱና "ልጄ፣ ይህቺን ሴት ፈትሽልኝ፣ ማጥፊያ ደብቃለች" አሉት። ከዚያ ቦርሳቸውን አንግተው በእግራቸው ሄዱ። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ የልጃቸውን ደጃፍ አልረገጡም።

"ትራፊኩ ፈተሸሽ?" አለ ጎሚስታው።

"ፈተሸኝ!" አለች አስተማሪዋ፤ ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ እሷም አልገባትም።

ቮልቴጅ ኮምፒውተሯን ከመኪናዋ ጋር አገናኘች። መኪናዋ የደረሰባትን ሁሉ መዝግባ ይዛለች። *የሞተር አቀማመጥ ሴንሰር፣ ምልክት ተቋርጧል።* አሥራ አንድ ጊዜ። ቀኑና ሰዓቱ ከአስተማሪዋ ደብተር ጋር አንድ በአንድ ገጠመ።

"ይሄ ሴንሰር ምንድነው ሥራው?" አለች አስተማሪዋ።

"ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጠሽ ገፍተሽ ታውቂያለሽ?"

"እንዴታ።"

"መቼ እንደምትገፊ በምን ታውቂያለሽ?"

"አያለኋ። ወደ እኔ መጥቶ ሲመለስ እገፋለሁ።"

"ዓይንሽን ቢሸፍኑሽስ?"

አስተማሪዋ አሰበች። "ያለጊዜው እገፋለሁ። ልጁን አንገጫግጨዋለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንዳልጥለው ፈርቼ እጄን እሰበስባለሁ።"

"በቃ፣ መኪናሽም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ነገር በየቅጽበቱ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ይሄ ሴንሰር ነው። ወሬው ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ያለጊዜው ይገፋል፣ መኪናዋ ትዘላለች። ከዚያ ይፈራና እጁን ይሰበስባል።"

"አማቴ ሲገቡ ዓይኑን የሚሸፍነው ማነው ታዲያ?"

"እሱን ነው የማናውቀው።"

ቮልቴጅ ወፍራሙን የጎማ ጓንት አጠለቀች፣ የትልቁን ባትሪ ማቋረጫ ነቀለች፣ በውስጡ የቀረው ኃይል እስኪረግብ ጠበቀች፣ መርገቡንም ለክታ አረጋገጠች። የዚች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ከሴንሰሩ የሚነሱት ስድስት ቀጫጭን ሽቦዎች በኋላ ወንበር ሥር አልፈው የዕቃ መጫኛው ውስጥ ካለው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ይገባሉ። ሶኬቱን ከሣጥኑ ነቅላ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ በቴስተር ለካች። የመጀመሪያው ጥንድ ደህና። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ እንደ መንታ አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት አለባቸው፤ ሰጡ። መኪናዋ ሥር ገብታ ሽቦውን ነቀነቀች፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሙቀት ይሆን እንዴ ብላ የፀጉር ማድረቂያ አምጥታ ሴንሰሩን አሞቀችው። አሁንም ያው።

"ጤነኛ ናት" አለች በመገረም።

ሁሉንም መልሳ ገጥማ ወደ መንገድ ወጡ። ጎሚስታው ከኋላ በቀኝ በኩል፣ አንዱን እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ እንደ ሚኒስትር ተዝናንቶ ተቀመጠ። መኪናዋ እንደ ቅቤ ፈሰሰች። ተመልሰው በግራና በቀኝ ጎማ ጫኑባት፣ ጎሚስታው ራሱ እንኳ ጎማ ታቅፎ ገባ። ደህና ሄደች። ጉድጓድ ላይ ነዷት። ደህና።

"አማትሽን ጥሪያቸው" አለች ቮልቴጅ።

አስተማሪዋ ደነገጠች። "ሞቼ ልገኝ! ምን ብዬ?"

"ያለ እሳቸው የምትታመም መኪና አይደለችም። በሽተኛዋ እዚህ ናት፣ ምስክሯ ግን ቤታቸው ነው ያሉት።"

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። "ማጥፊያው ተገኘ?" አሉ አማትየዋ፣ ሃሎ ሳይሉ።

"እማዬ፣ ማጥፊያ የለም። ግን መካኒኳ እርስዎን ማነጋገር ትፈልጋለች።"

"እኔን?" አሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። "እመጣለሁ። በአውቶቡስ!"

ከአንድ ሰዓት በኋላ በግቢው በር የገቡት ሴት ጎሚስታውን መሬት ዋጪኝ አስባሉት። ጉማሬ የሚያክሉ ሴት ሲጠብቅ፣ ቁመታቸው ከትከሻው የማያልፍ፣ ንፋስ ቢመጣ የሚወስዳቸው፣ ጫማቸው እንደ መስታወት የሚያበራ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ክብደት አይደለም ማለት ነው።

ቮልቴጅ በርጩማ አቀረበችላቸው። "እማማ፣ መኪናዋ ከመዝለሏ በፊት የሰሙት ወይም ያዩት ነገር አለ?"

አማትየዋ ምራታቸውን አዩ፣ ቮልቴጅን አዩ። "ሦስት ጋራዥ ስትዞሩ አንድ ሰው እንኳ ይህንን አልጠየቀኝም" አሉ። "ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስልከኛ ነበርኩ። አውቶማቲክ ሳይመጣ፣ በእጅ መስመር እያገናኘን። መስመር ሊቋረጥ ሲል ጆሮዬ ቀድሞ ያውቃል።"

"እና ምን ሰሙ?"

"ከሥሬ 'ጠቅ' ይላል። ወዲያው ትዘላለች። የላላ መስመር ጠባይ ነው፤ ሲነኩት ይሄዳል፣ ሲተዉት ይመለሳል። ለልጄ ነገርኩት፣ 'እሺ እማዬ' አለኝ። ለእሷ እንዳልነግራት ኩርፊያ ላይ ነን።"

ቮልቴጅ ከተቀመጠችበት ተነሳች። "እማማ፣ እስቲ እንደ ሁልጊዜው ይግቡና ይቀመጡ።"

አማትየዋ የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። በቀኝም አልተቀመጡ፣ በግራም አልተቀመጡ። ሸርተት ሸርተት ብለው ልክ መሃሉ ላይ ሲደርሱ፣ ሁለቱን የፊት ወንበሮች በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ አንገታቸውን በመካከላቸው አስገቡ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጡት?"

"ታዲያ መንገዱን በምን ልየው? ይህቺ ልጅ ትፈጥናለች!"

"በሰዓት ሃያ ነው የምነዳው እኮ!" አለች አስተማሪዋ።

"ሃያም ፍጥነት ነው!"

ቮልቴጅ ግንባሯን በመዳፏ መታች። መሃል! ጎሚስታው በቀኝ፣ ጎማው በቀኝና በግራ፤ መሃሉ ላይ የተቀመጠ ፍጡር የለም። አምስት ሰው በምትይዝ መኪና መሃል ላይ የሚቀመጥ ሰው ከእኚህ ሴት በቀር የለም፤ እሳቸውም ወደው፣ ለሹፌሯ ምክር ለመለገስ ሲሉ።

ኃይሉን ዳግመኛ አቋርጣ፣ ጠብቃ፣ ለክታ፣ ቴስተሩን ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ አሰረችና ለጎሚስታው ሰጠችው። "አጎቴ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብብ። እማማ፣ ከመቀመጫዎ ትንሽ ብድግ ይበሉ።"

ብድግ አሉ።

"ሠላሳ አንድ!" አለ ጎሚስታው።

"ይቀመጡ።"

ጠቅ።

"ጠፋ!" ብሎ ጮኸ ጎሚስታው። "ቁጥሩ ጠፋ!"

"ይነሱ።"

"ሠላሳ አንድ! መጣ!"

"ይቀመጡ።"

"ጠፋ!"

አስተማሪዋ ሠንጠረዥ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታወጣ ሳቋ አመለጣት። አማትየዋ አሁን ትእዛዝ አይጠብቁም፤ ሁለቱን ወንበሮች ይዘው ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ ይላሉ። ጎሚስታው "መጣ! ጠፋ! መጣ! ጠፋ!" እያለ በእግሩ ምት ያዘ። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ አንድ ብስክሌተኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ መጥቼ ልርዳ ወይስ ልሽሽ በሚል ዓይን ያያቸዋል። አማትየዋ መሃረባቸው ወደ ኋላ ተንሸራትቶ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ "ኧረ ልጆች፣ ወገቤን!" አሉ፤ አልቆሙም ግን።

ሳቁ በረድ ሲል ቮልቴጅ የወንበሩን ቡሎኖች ፈትታ ከጎሚስታው ጋር ወንበሩን አነሱት። ሁሉም አንገታቸውን አስገቡ።

ስድስቱ ሽቦዎች በጎን በኩል በተሠራላቸው መተላለፊያ መሄድ ሲገባቸው፣ የሚይዛቸው ፕላስቲክ ተሰብሮ፣ ወለሉ መሃል ላይ ተጋድመዋል። ልክ በላያቸው የወንበሩ መሃለኛ ብረት ያርፋል። መሃል ላይ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ብረቱ ይነክሳቸዋል። ከላይ ያለው ላስቲክ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ከሁለቱ ሽቦዎች ላይ ተበጥሶ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፎ ነው የቆመው። ሲጫኑት ይለያያል፣ ሲለቁት ይሳሳማል። ሴንሰሩ አዲሱም አሮጌውም ንጹሕ ነበር፤ ሞተሩም እንዲሁ።

"ይሄ የፋብሪካ ሥራ አይደለም" አለች ቮልቴጅ፣ በሁለት ጣቷ አንድ ነገር ከፍ አድርጋ። ሽቦዎቹ አንድ ላይ ታስረዋል። የታሠሩት ደግሞ በቡናማ የጫማ ክር ነው።

አስተማሪዋ ክሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ባሏ ጋ ደወለች፣ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረገችው። ባሏ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው።

"የኔ ፍቅር፣ የቡናማው ጫማህ ክር የት አለ?"

ከወዲያ በኩል አንድ ደንበኛ ስለ ሳል መድኃኒት ሲጠይቅ ይሰማል።

"የትኛው ጫማ?" አለ ባልየው።

"አንተ!" አሉ እናቱ።

"እማዬ? አንቺም እዚያ ነሽ?"

ከዚያ በኋላ መናዘዝ ብቻ ነበር የቀረው። ከአራት ወር በፊት መኪናዋን ሲያጥብ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ ወልቆ ወንበሩ ሥር ገባ። ሚስቱ ሳታውቅ ብሎ ወንበሩን ፈታ፣ ቀለበቱን አገኘ፣ በዚያው ፕላስቲኩን ሰበረ። የተፈታውን ሽቦ በእጁ ባገኘው ነገር፣ በጫማው ክር፣ ሸብ አድርጎ ወንበሩን መለሰው። መኪናዋ ስትታመም ይሄ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጥቶበት ነበር፤ ግን ቢናገር ቀለበቱን መጣሉም ይወጣል።

"እና እኔ ትራፊክ ሲፈትሸኝ ዝም አልክ?"

"እኔ እኮ... ሁለታችሁም እውነት አላችሁ ብያለሁ።"

"ማታ እንገናኝ" አሉ ሁለቱ ሴቶች እኩል፣ በአንድ ድምፅ። ከዚያ ተያዩ።

ቮልቴጅ የተጎዱትን ሽቦዎች ቆርጣ፣ ጫፋቸውን ልጣ፣ በብየዳ አገናኘች፤ በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ አለበሰቻቸው፣ ጥንድ ጥንዶቹን እንደ ቀድሞው እንደ ገመድ ገመደቻቸው፣ ወደ ቦታቸውም መልሳ በአዲስ መያዣ አሰረቻቸው። እሷ ስትሠራ አማትና ምራት ጎን ለጎን ጎማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አማትየዋ መሬት መሬት እያዩ፣ "ማጥፊያ ደብቃለች ብዬ ነበር" አሉ። "ለጎረቤትም አውርቼብሻለሁ።"

"እኔም በልቤ እግርዎ ነው ብዬ ነበር፣ እማዬ።"

"እግሬ?" አማትየዋ የሚያበራውን ጫማቸውን አዩ። "እስቲ ያንን ደብተር አምጪው።"

አስተማሪዋ አፈረች፤ ግን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። "'አማቴ አሉ፣ አማቴ የሉም'" አሉ ቀስ ብለው። "ለእኔ ብለሽ ሙሉ ዓምድ አሠመርሽ?"

"በማስመሪያ" አለች አስተማሪዋ።

አማትየዋ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ገንፍሎ ወጣ፤ ምራታቸውን ክንዷን ይዘው፣ ከጎማው ላይ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። እሷም ተከተለች። ሦስት ሳምንት ቀርቶ የሁለት ወር ኩርፊያ በዚያ ጎማ ላይ ረገፈ።

ማታ ሳይደርስ መሞከር አለባት ብላ ቮልቴጅ ከፊት ገባች፣ አስተማሪዋ መሪውን ያዘች፣ አማትየዋ መሃላቸውን ያዙ። ወንበሩ ጠቅ አላለም። የመኪናዋ ድምፅ የለም፤ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ዋናውን መንገድ አለፉ፣ አደባባዩን ዞሩ፣ ከከተማው ዳር ያለውን ዳገት አንድም ሳትንገጫገጭ ወጣችው። ጫፍ ላይ ደርሰው ሲመለሱ፣ ቮልቴጅ ከመሪው ጎን ባለው ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር ለአማትየዋ አሳየቻቸው።

"ይህን ይዩ፣ እማማ። ስልሳ አንድ በመቶ ነው ባትሪው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሞተሩ ሥራውን ገልብጦ ኤሌትሪክ ያመነጫል።"

"እንዴት አድርጎ?"

"ጎማው እሱን ያዞረዋል፣ እሱ ባትሪውን ይሞላል።"

አማትየዋ ከቁጥሩ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ስልሳ አንድ። ስልሳ አንድ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስልሳ ሁለት ሆነ።

"ጨመረች!" ብለው እንደ ሕፃን ጮኹ። "ወርዳ ጨመረች! እናንተ፣ ይሄን የሰማ ሰው አለ? ልጄ፣ መልሺያት፣ መልሺያት፣ እንደገና እንውረድ!"

"ለመውረድ እኮ መውጣት አለብን እማዬ፤ ሲወጣ ይቀንሳል።"

"ግድ የለሽም፣ ውጪ!"

ወጡ። ወረዱ። እንደገና ወጡ። በሁለተኛው መውረድ ላይ ሦስቱም ቁጥሩ ሲቀየር አንድ ላይ ሆ ብለው ጮኹ፤ በአጠገባቸው ያለፈ የጭነት መኪና ሹፌር ሠርግ መስሎት ጥሩምባ ነፋላቸው። በሦስተኛው መውረድ መሃል የቮልቴጅ ስልክ ጮኸ። ጎሚስታው ነው።

"ምነው ጠፋችሁ? እንደገና ቆመች እንዴ? ክሪክ ይዤ ልምጣ?"

ቮልቴጅ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም፣ ሳቁ አላስወራትም። አማትየዋ ስልኩን ከእጇ ተቀብለው፣ በድሮው የስልከኛ ድምፃቸው ጥርት አድርገው፣ "መስመሩ ደህና ነው ጌታዬ" አሉት። "ገና እየወረድን ነው፣ በኋላ ይደውሉ።"